ከወንበዴ መርከብ ወደ አገረ ገዥ ወንበር

ብዙ ሰው ከሞርጋን ስም ጋር የተዋወቀው በመጠጥ ቤት መደርደሪያ ላይ ነው። ቀይ ኮት ለብሶ፣ አንድ እግሩን በርሜል ላይ ሰቅሎ ፈገግ የሚለው «ካፒቴን ሞርጋን» የረም ጠርሙስ ጌጥ ከሆነ ሰማንያ ዓመት ገደማ ሆኖታል። ስለ ካሪቢያን የባሕር ወንበዴዎች የተሠራ ፊልም ያየ ሰውም ስሙን ሳይሰማ አልቀረም፤ ፓናማን አቃጠለ ሲባል የሰማም አይጠፋም። ያው ሰው ግን ከሦስት ዓመት በኋላ «ሰር ሄንሪ» ተብሎ ለጃማይካ ምክትል አገረ ገዥ ሆኖ መሾሙን፣ በባሕር ፍርድ ቤት ወንበር ላይ ተቀምጦም የቀድሞ ባልንጀሮቹን ሥራ የሚሠሩ ሰዎችን ማሳደዱን ብዙዎች አያውቁም። ወንበዴ ተጸጽቶ ጨዋ የሆነበት ታሪክ እየጠበቃችሁ ከሆነ ግን ይህ አይደለም። ሞርጋን እስከ ዕለተ ሞቱ አንድም ቀን ወንበዴ ነበርኩ ብሎ አያውቅም። በኪሱ ሁልጊዜ ማኅተም ያለበት ወረቀት ነበረውና። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

1655፦ ያልታሰበችው ደሴት

በ1654 ማብቂያ ላይ የእንግሊዝ መሪ ኦሊቨር ክሮምዌል ስፔንን ከካሪቢያን ባሕር ለመንቀል ትልቅ ጦር በመርከብ ላከ። የባሕሩን ኃይል ዊሊያም ፔን፣ እግረኛውን ሮበርት ቬናብልስ ይመሩ ነበር። የተላኩት ሂስፓኒዮላን፣ ማለትም ዛሬ ሄይቲና ዶሚኒካን ሪፐብሊክ የሚካፈሏትን ደሴት ለመያዝ ነው። ሳንቶ ዶሚንጎ ደጃፍ ሲደርሱ ግን ጦሩ በውኃ ጥምና በተቅማጥ ተዳክሞ፣ በቁጥር ከእሱ በእጅጉ ባነሱ ተከላካዮች ተመትቶ ተመለሰ። አዛዦቹ ባዶ እጃቸውን ቢገቡ ምን እንደሚጠብቃቸው ያውቃሉና በሜይ 1655 ወደ ምዕራብ ቀዝፈው፣ ስፔን እምብዛም ያልጠበቀቻትን ጃማይካን ያዙ። ያም አላዳናቸውም፤ አገራቸው ሲገቡ ሁለቱም ለንደን ግንብ ውስጥ ታሰሩ።

እንግሊዝ ጃማይካን ያገኘችው ሳታስበው ስለሆነ እንዴት እንደምትይዛትም አላሰበችበትም ነበር። ወታደሩ በወባና በረሃብ እንደ ቅጠል ረገፈ። ስፔኖች ሲሸሹ ያመለጡት አፍሪካውያን ባሪያዎች ተራራው ላይ የራሳቸውን መንደር ቆርቁረው፣ ማሩን ተብለው፣ ከእንግሊዞች ጋር በሽምቅ ይዋጉ ጀመር። በሰሜን ኩባ፣ በምሥራቅ ሂስፓኒዮላ፣ በደቡብና በምዕራብ የአሜሪካ ዋና ምድር፤ ዙሪያው ሁሉ ስፔን ነው። ለንደን ደሴቲቱን የሚጠብቅ ቋሚ የባሕር ኃይል ለመላክ ገንዘብ አልነበራትም።

ሄንሪ ሞርጋን ወደዚህ ባሕር የመጣው በዚያው ዘመን ነው። በ1635 አካባቢ በደቡብ ዌልስ የተወለደ፣ ከመካከለኛ ባላባት ቤተ ዘመድ የሚመዘዝ ልጅ ነበር። ሁለት አጎቶቹ በእንግሊዝ የእርስ በርስ ጦርነት በተቃራኒ ጎራ ተሰልፈው ነበር፤ ኤድዋርድ ለንጉሡ፣ ቶማስ ለፓርላማው። አመጣጡን በተመለከተ ከፔንና ከቬናብልስ ጦር ጋር ወታደር ሆኖ መጣ የሚሉ አሉ፤ ባርቤዶስ ላይ ለዓመታት ጉልበቱን ሸጦ ያገለገለ የኮንትራት ሎሌ ነበር ያለም አለ። ይህኛው ወሬ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ፍርድ ቤት ድረስ ያደርሰዋል።

1656–1667፦ የንጉሡ ድርሻ

ቡካኒር የሚባሉት ሰዎች መጀመሪያ የባሕር ሰዎች አልነበሩም። በሂስፓኒዮላ ጫካ የዱር ከብትና አሳማ እያደኑ፣ ሥጋውን በእንጨት ቆጥ ላይ በጭስ አድርቀው ለመርከበኛ የሚሸጡ፣ ከመርከብ የጠፉ፣ ከጌታ ያመለጡ፣ አገር የከዳቸው ፈረንሳውያን፣ እንግሊዛውያንና ሆላንዳውያን ነበሩ። ስፔን ከጫካው አባርራ ከብቱን ስትፈጅባቸው እንጀራቸውን ባሕር ላይ ፈለጉ። ረጅም ጠመንጃ አልሞ መተኮስን ከአደን ተምረዋል፤ ለስፔን ያላቸው ጥላቻም ተጨመረበት።

የጃማይካ ገዥዎች እነዚህን ሰዎች ፖርት ሮያል ወደተባለችው ወደብ ጠሯቸው። ስሌቱ ቀላል ነው። የጦር መርከብ የሌላት ደሴት ደመወዝ የማይጠይቅ የባሕር ኃይል አገኘች። ገዥው ለካፒቴኑ የዘመቻ ፈቃድ ይጽፍለታል፤ ወረቀቱን የያዘ ሰው የስፔንን መርከብ ቢማርክ እንደ ወንበዴ አይሰቀልም። ከክሮምዌል በኋላ እንግሊዝ ወደ ንጉሥ፣ ወደ ቻርልስ ዳግማዊ ተመልሳ ነበርና ከምርኮው አንድ አሥረኛው የባሕር ኃይሉ የበላይ ለሆነው ለንጉሡ ወንድም ለዮርክ መስፍን፣ አንድ አሥራ አምስተኛው ለንጉሡ ለራሱ ይገባል። የቀረውን ሰዎቹ በውላቸው መሠረት ይካፈላሉ። ውሉ የአካል ጉዳት ካሳም ነበረው፦ ቀኝ እጁን ላጣ ስድስት መቶ ፔሶ ወይም ስድስት ባሪያ፤ አንድ ዓይኑን ላጣ መቶ ፔሶ ወይም አንድ ባሪያ። ባሪያ በዚያ ባሕር ላይ እንደ ገንዘብ ይመነዘር እንደነበር ከዚህ በላይ የሚያሳይ ሰነድ አላውቅም።

ወጣቱ ሞርጋን ሙያውን የተማረው ከእነዚህ ጋር ነው። ከ1663 መጨረሻ ጀምሮ ከጥቂት ካፒቴኖች ጋር ሜክሲኮ ውስጥ ቪያኤርሞሳን ዘረፈ፤ ከዚያ በመካከለኛው አሜሪካ ጠረፍ ወርዶ፣ በታንኳ ወንዝ ሽቅብ ቀዝፎ፣ ኒካራጓ ውስጥ ከባሕር ርቃ ያለችውን የግራናዳን ከተማ በድንገት ያዘ። ሲመለስ ጃማይካ አዲስ ገዥ ሰር ቶማስ ሞዲፎርድ መጥቶላታል። አጎቱ ኤድዋርድ ደግሞ ምክትል አገረ ገዥ ሆኖ ተሹሞ፣ በሆላንዶች ላይ በዘመተበት በ1665 ሞቶ ነበር። ሞርጋን የአጎቱን ልጅ ሜሪ ኤልዛቤትን አገባ። እኅቶቿም የተዳሩት ለደሴቲቱ ትልልቅ ሰዎች ነበር። ከምርኮው ገንዘብ ይልቅ ያቆመው ይህ ጋብቻ ይመስለኛል፤ ከዚያ ወዲያ ሞርጋን በጃማይካ ምክር ቤት ውስጥ ዘመድ ያለው ሰው ነው።

1668፦ ፖርቶቤሎ

የቡካኒሮቹ አለቃ ኤድዋርድ ማንስቬልት ሲሞት ሰዎቹ ሞርጋንን መረጡ። በ1668 ሞዲፎርድ የሰጠው ወረቀት የስፔንን መርከቦች በባሕር ላይ እንዲይዝ፣ ስፔን ጃማይካን ለመውረር እየተሰናዳች መሆኗንም ከምርኮኞች እንዲያጣራ የሚል ነበር። ከተማ ውረር አይልም። የወረቀቱ ብልሃት እዚያ ላይ ነው፦ በባሕር የተገኘ ምርኮ ለንጉሡና ለመስፍኑ ይከፈልበታል፤ በየብስ የተገኘውን ግን ወረቀቱ ስለማያውቀው ሰዎቹ ብቻቸውን ይካፈሉታል።

መጀመሪያ ኩባ ውስጥ ፖርቶ ፕሪንሲፔን ዘረፈ፤ የተገኘው ሃምሳ ሺሕ ፔሶ ሲከፋፈል ዕዳ እንኳ የማይከፍል ሆነባቸው። ፈረንሳውያኑ ተለይተው ሄዱ። ያን ጊዜ ሞርጋን ፖርቶቤሎን አነሣ። የፔሩ ብር በፓናማ በኩል በበቅሎ ተጭኖ መጥቶ ለስፔን መርከቦች የሚተላለፈው እዚያ ነው። ሦስት ምሽግ ይጠብቃታል፤ ከባሕር ለመጣ መርከብ የማትቀመስ ናት።

ሞርጋን በመርከብ አልመጣም። በጁላይ ወር ወደ አምስት መቶ የሚጠጉ ሰዎቹን በታንኳ አሳፍሮ፣ ሌሊት ሌሊት በጠረፉ ጥግ እየቀዘፈ፣ ከከተማዋ ራቅ ብሎ ወርዶ በእግሩ ገሰገሰ። ሰው ከእንቅልፉ ሲነቃ ወራሪው ከተማው ውስጥ ነበር። አንዱን ምሽግ ለመያዝ መነኮሳትንና መነኩሲቶችን ጋሻ አድርጎ መሰላል አስያዛቸው የሚል ክስ ቀርቦበታል፤ እሱ በበኩሉ በሪፖርቱ ያሰፈረው፣ ጉድጓድ እስር ቤት ውስጥ በሰንሰለት የታሰሩ አሥራ አንድ እንግሊዛውያን ማግኘቱን ነው። ከተማዋን አላቃጥልም ብሎ 350,000 ፔሶ ቤዛ ጠየቀ። ከፓናማ የመጣው ረዳት ጦር ሳይሳካለት ሲቀር፣ ከብዙ ደብዳቤ በኋላ በ100,000 ተስማሙ። ጠቅላላ ምርኮው ሩብ ሚሊዮን ፔሶ ገደማ ደረሰ።

ሞዲፎርድ «ወረቀቱ ይህን አይፈቅድም» ብሎ ወቀሰው። የወቀሳው ጥልቀት ግን የሚለካው በዚያው ዓመት ሌላ ወረቀት መስጠቱ ነው።

1669፦ ማራካይቦ

ንጉሡ ኦክስፎርድ የተባለች የጦር መርከብ ለጃማይካ ላከ። ሞርጋን በጃንዋሪ 1669 ከሂስፓኒዮላ በስተደቡብ ባለችው በላም ደሴት ካፒቴኖቹን እዚያችው መርከብ ላይ ለግብዣ ሰበሰበ። ሲበሉ፣ ሲጠጡ፣ መድፍ ሲተኩሱ የባሩዱ ክፍል እሳት ያዘው። ከሁለት መቶ ያህል ሰው የተረፉት አሥር ገደማ ናቸው። ሞርጋንና ከእሱ ጋር በገበታው በአንድ ወገን የተቀመጡት ባሕር ውስጥ ተወርውረው ሲተርፉ፣ ፊት ለፊታቸው የነበሩት በሙሉ አለቁ።

ያን ጊዜ ኃይሉ ስለተመናመነ ትልቋን የካርታሄናን ከተማ ትቶ፣ በዛሬዋ ቬኔዝዌላ ወደሚገኘው ወደ ማራካይቦ ሐይቅ ዞረ። ሐይቁ ከባሕር ጋር የሚገናኘው በጠባብ መተላለፊያ ነው፤ በዚያ ላይ ምሽግ አለ። ሞርጋን ገብቶ ማራካይቦንና ከሐይቁ ማዶ ያለችውን ጂብራልታርን ለሳምንታት ሲበዘብዝ፣ የተሸሸገ ገንዘብ ለማስወጣት ሰዎቹ ሰላማዊ ሰው ሲያሰቃዩ፣ የስፔኑ አድሚራል አሎንሶ ዴል ካምፖ በሦስት ትልልቅ የጦር መርከቦች መጥቶ መውጫውን ዘጋ። ምሽጉንም አድሶ መድፍ ተከለበት። ከሞርጋን መርከቦች ትልቁ እንኳ ከአድሚራሉ ትንሿ ጋር አይወዳደርም።

የሆነውን በቅርብ ማየት ደግ ነው፤ ሰውየው በሙያው ምን ያህል እንደሆነ ከዚህ የተሻለ አያሳይም። የማረኩትን አንድ መርከብ ሬንጅ፣ ድኝ፣ ባሩድና የደረቀ የዘንባባ ቅጠል ሞሉበት። ለመድፍ መስኮት ግንድ አወጡለት። ሌላ ግንድ አቁመው ኮፍያ ደፉበትና ከሩቅ ሲታይ ጀልባው በሰው የተሞላ አስመሰሉት። የሞርጋንን ባንዲራ ሰቅለው ከፊት አስቀደሙት፤ በላዩ የነበሩት አሥራ ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። መርከቡ ቀጥ ብሎ የአድሚራሉን «ማግዳሌና» ተጠጋ፤ ሰዎቹ በመንጠቆ አቆራኝተው እሳቱን ለኩሰው በታንኳ አመለጡ። ስፔኖቹ ጠላት ሊዘልባቸው መስሏቸው ሲዘጋጁ ግንድና እሳት ገጠማቸው። ማግዳሌና ነደደች፤ ሁለተኛዋ ሸሽታ ከመሬት ተጋጭታ ቀረች፤ ሦስተኛዋን ማረኩ።

ምሽጉ ግን እንዳለ ነው። ሞርጋን መጀመሪያ ምርኮውን በየመርከቡ አከፋፈለ፤ አንዱ ቢሰምጥ የሁሉም ድርሻ አብሮ እንዳይሰምጥ። ከዚያ ቀኑን ሙሉ ሰው የጫኑ ታንኳዎች ከመርከቦቹ ወደ ዳርቻው ዛፍ ሥር ሲመላለሱ ዋሉ። ሲሄዱ ሰው ይታያል፤ ሲመለሱ ቀዛፊው ብቻ ነው የሚታየው። ሌላው ሰው ታንኳው ወለል ላይ ተጋድሞ እየተመለሰ ነበር። ከምሽጉ የሚያየው አድሚራል «ሌሊት በየብስ ሊወጉኝ ነው» ብሎ ከባዱን መድፍ ወደ የብሱ አዞረ። ሌሊት፣ በጨረቃ ብርሃንና በባሕሩ መሸሽ ማዕበል፣ መርከቦቹ ሸራቸውን ሳይዘረጉ ምሽጉ አፍንጫ ሥር ድረስ ተንሳፈፉ፤ ስፔኖቹ መድፋቸውን መልሰው እስኪያዞሩ ሸራው ተዘርግቶ አልፈዋል።

1670–1671፦ ፓናማ

በጁላይ 1670 ማድሪድ ላይ እንግሊዝና ስፔን ተስማሙ። ስፔን ጃማይካ የእንግሊዝ መሆኗን ለመጀመሪያ ጊዜ አመነች፤ እንግሊዝም ዘረፋውን ልታቆም ቃል ገባች። ወረቀቱ ግን ባሕሩን ለመሻገር ወራት ይፈጅበታል። በዚያ መሐል ማኑኤል ሪቬሮ ፓርዳል የሚባል የስፔን ፈቃድ ያለው ካፒቴን የጃማይካን ጠረፍ ያቃጥል ነበር፤ ዛፍ ላይ ለሞርጋን የፍልሚያ ጥሪ ቸንክሮም ሄደ። ሞዲፎርድ ከለንደን «ታገሥ» የሚል ፍንጭ ደርሶት ነበር። ሆኖም የምክር ቤቱን ስምምነት አስይዞ ለሞርጋን የመጨረሻውንና ሰፊውን ወረቀት ሰጠው፤ በዚህኛው በየብስም መዋጋት ተፈቅዷል።

ሠላሳ ስድስት መርከብና ከ1,800 በላይ ሰው ተሰበሰበ። በዚያ ባሕር እንዲህ ያለ የቡካኒር ጭፍራ ታይቶ አያውቅም። በጃንዋሪ 1671 በቻግሬስ ወንዝ አፍ ያለው የሳን ሎሬንሶ ምሽግ በብርቱ ውጊያ ወደቀ። ከዚያ ሞርጋን ከሺሕ የሚበልጥ ሰው ይዞ ወንዙን ሽቅብ ጀመረ፤ ስንቅ በየመንደሩ እናገኛለን ብሎ። ስፔኖች ግን ከፊቱ ያለውን እህል ሁሉ ወስደው ወይም አቃጥለው ጠፉ። አንድ ቀን ያገኙት ባዶ የቆዳ ከረጢት ብቻ ነበር። ቆራርጠው፣ በድንጋይ ቀጥቅጠው፣ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፈው፣ ጠጉሩን ፍቀው፣ ጠብሰው በሉት።

ፓናማ ሜዳ ላይ የጠበቃቸው አገረ ገዥ ሁዋን ፔሬስ ደ ጉስማን ታሞ ከአልጋ የተነሣ ሰው ነበር። 1,200 ያህል እግረኛና 400 ፈረሰኛ አለው፤ አብዛኛው ግን ጦርነት አይቶ የማያውቅ ነጋዴና ገበሬ ነው። ከጠላት ጀርባ የከብት መንጋ ለቆ ሰልፉን ሊያፈርስ አስቦ ነበር። ከብቱ ተኩሱን ሲሰማ ወደ ኋላው ፈረጠጠ። ጦርነቱ ከጥቂት ሰዓት አላለፈም፤ የስፔን ሬሳ በመቶዎች ተቆጠረ። ገዥው አስቀድሞ በየቦታው ባሩድ አስቀምጦ ነበርና ከተማዋ ተያያዘች፤ የእንጨት ቤቶቿ በአንድ ሌሊት አለቁ። የዘመናት ስሟ «ሞርጋን ያቃጠላት» ቢሆንም፣ እሳቱን የጫረው የራሷ ገዥ ትእዛዝ ነው።

ሀብቱስ? ትልቁ ክፍል ከመድረሳቸው በፊት በመርከብ ተጭኖ ወደ ፓሲፊክ ውቅያኖስ ወጥቷል። አራት ሳምንት ፍርስራሽ ሲፈትሹ፣ ጉድጓድ ሲምሱ፣ ሰው ሲያሰቃዩ ቆይተው ምርኮውን በበቅሎ ጭነው ቻግሬስ ደረሱ። ክፍፍሉ ላይ የእያንዳንዱ ድርሻ ካሰቡት እጅግ ያነሰ ሆነ፤ «ሞርጋን ሰረቀን» የሚል ጉርምርምታ ተነሣ። እሱም ጥቂት መርከቦች አስከትሎ ሳይሰናበት ወጣ፤ የቀሩት ስንቅ እንኳ አልነበራቸውም። ሌባን ሌባ ቢሰርቀው እንዴት ይደንቀው ነው ነገሩ። የጃማይካ ምክር ቤት ግን ትእዛዙን በመፈጸሙ በይፋ አመሰገነው።

1672–1675፦ እስረኛው ሰር ሆነ

ማድሪድ ተቆጣች፤ ለንደንም ቁጣዋን የምታበርድበት ሰው ያስፈልጋታል። አዲሱ ገዥ ሰር ቶማስ ሊንች ጃማይካ ደርሶ ሞዲፎርድን በመርከብ ግብዣ አታልሎ ያዘውና ላከው፤ ሁለት ዓመት ገደማ ለንደን ግንብ ውስጥ ተቀመጠ። ሞርጋን በኤፕሪል 1672 ተከተለ። እሱን ግን ማንም እስር ቤት አላስገባውም። በከተማው እንደልቡ ይመላለስ፣ ከመሳፍንቱ ቤት ይጋበዝ ነበር፤ ወጣቱ የአልበማርል መስፍን ወዳጁ ሆነ።

ያዳነው ጊዜው ነው። እንግሊዝ ከሆላንድ ጋር ጦርነት ላይ ነበረች፤ ጃማይካ ልትወረር ትችላለች የሚል ሥጋት አለ። ቻርልስ ዳግማዊ ደሴቲቱን እንዴት እንከላከል ብሎ ያማከረው ይህን «እስረኛ» ነው። በ1674 የሰርነት ማዕረግ ሰጥቶ፣ ሎርድ ቮንን አገረ ገዥ፣ ሞርጋንን ምክትል አድርጎ ሾመ። ሞዲፎርድ ደግሞ የጃማይካ ዋና ዳኛ ሆኖ ተመለሰ። ስፔን ይህን ስትሰማ ምን እንዳለች መገመት አያስቸግርም።

ቮን አብረን እንጓዝ ቢለውም ሞርጋን ቀድሞ ቀዘፈ። መርከቡ ንጉሡ ለጃማይካ ምሽግ የሰጠውን መድፍ እንደጫነች ላም ደሴት ላይ ተሰበረች፤ ኦክስፎርድ የነደደችባት ያችው ደሴት ናት። በሌላ መርከብ ተጭኖ በማርች 1675 ፖርት ሮያል ገባ፤ ቮን እስኪደርስ ባሉት ቀናትም እንደ ዋና ገዥ ትእዛዝ ማስተላለፍ ጀመረ። ቮን ይህን ይቅር አላለውም።

1675–1682፦ የሸንኮራ ዘመን

ሞርጋን በሄደባቸው ሦስት ዓመታት ጃማይካ ተለውጣለች። በ1673 ቆጠራ ነጮቹ 7,768፣ ባሪያዎቹ 9,504 ነበሩ። ከአንድ ዓመት በፊት ለንደን ውስጥ የተቋቋመው ሮያል አፍሪካን ኩባንያ ከምዕራብ አፍሪካ ሰው ጭኖ የማምጣቱን ንግድ በብቸኝነት ይዞ ነበር፤ የኩባንያው የበላይ ያው የዮርክ መስፍን ነው። ሸንኮራ የሚተክል ሰው ሰላማዊ ባሕር ይፈልጋል፤ ስኳሩ መውጣት፣ ባሪያው መግባት አለበት። የጃማይካ ነጋዴ ደግሞ ባሪያና ሸቀጥ ለስፔን ቅኝ ግዛቶች መሸጥ ከመዝረፍ የተሻለ እንደሚያተርፍ ገብቶታል። ቡካኒሩ በአንድ ትውልድ ውስጥ ከጠባቂነት ወደ ጠንቅነት ተለወጠ።

ሞርጋን በሁለቱም ወገን እግር ነበረው። የፓናማና የማራካይቦ ገንዘብ መሬት ሆኗል፤ ሦስት የሸንኮራ እርሻ ነበረው፤ አንዱን በትውልድ ቀዬው ስም ላንረምኒ ብሎታል። ቮን በ1676 በሞርጋንና በሚስቱ እኅት ባል በሮበርት ባይንድሎስ ላይ ክስ አቀረበ፦ የፈረንሳይን ፈቃድ ከያዙ ቡካኒሮች ጋር በድብቅ ይጻጻፋሉ፣ ጥቅምም ይካፈላሉ የሚል። ምክር ቤቱ ግን ዘመድ የበዛበት ነበርና ክሱ ተድበስብሶ ቀረ።

በ1678 ለጥቂት ወራት፣ ከዚያም ከ1680 እስከ 1682 ዋናው ገዥ በሌለበት ጃማይካን ያስተዳደረው ሞርጋን ራሱ ነው። ፖርት ሮያልን በአዳዲስ ምሽጎች አጠረ፤ በዚህ ሥራው የሚነቅፈው አልነበረም፤ ምሽግ የሚይዝበትን መንገድ የሚያውቅ ሰው የት ላይ እንደሚታጠርም ያውቃል። ተራራ ላይ ባሉት ማሩኖች ላይ ደጋግሞ ዘመተ፤ ወደ ውስጥ ገፋቸው እንጂ አልጨረሳቸውም። ቡካኒሮችንም ያሳድድ ጀመር። በ1681 ጃኮብ ኤቨርሰን የተባለ የሆላንድ ወንበዴ መርከብ ጠረፉ ላይ ስትታይ ሰው ልኮ አስያዛት፤ ኤቨርሰን ሲያመልጥ ተገደለ፣ ከተያዙት መርከበኞች የተወሰኑት ካርታሄና ላለው የስፔን ገዥ ተላልፈው ተሰጡ። ካርታሄናን ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ሊዘርፍ ተሰናድቶ የነበረው ይኸው ሰው ነው። ለለንደን በሚጽፈው ሪፖርት የባሕር ወንበዴን የሚያወግዝበት ቃል የካህን ስብከት ይመስል ነበር። ግብዝነት ነው እንዳንል፣ እሱ በገዛ ሚዛኑ ተጣሞ አልተገኘም፤ ወረቀት ያለው ዘማች፣ ወረቀት የሌለው ወንበዴ ነው።

1682–1688፦ ሹመቱ ሲነጠቅ

ሊንች በ1682 ገዥ ሆኖ ሲመለስ ሞርጋንን ከምክትልነቱ፣ በቀጣዩ ዓመት ከምክር ቤቱም አወጣው። ሰውየው ቀኑን በፖርት ሮያል መጠጥ ቤቶች ማሳለፍ ያዘ፤ ሰውነቱ አበጠ።

በዚህ መሐል ነው መጽሐፉ የመጣበት። ከቡካኒሮቹ ጋር ሐኪም ሆኖ የዞረ አሌክሳንደር ኤክስኬሜሊን በ1678 አምስተርዳም ላይ ያየውንና የሰማውን አሳተመ፤ በ1684 በእንግሊዝኛ ለንደን ውስጥ በሁለት አሳታሚዎች ወጣ። ማሰቃየቱ፣ መነኮሳቱ፣ የፓናማው ክህደት ሁሉ ተጽፏል። ሞርጋን አሳታሚዎቹን በስም ማጥፋት ከሰሰ። አሥር ሺሕ ፓውንድ ጠይቆ ሁለት መቶ ፓውንድ ተፈረደለት፤ እርማትም አወጡለት። የሚገርመው ያንገበገበው ነገር ነው፦ የኮንትራት ሎሌ ነበር መባሉ። ከንጉሡ በቀር ማንንም አገልግሎ እንደማያውቅ ማስመዝገቡ ከሁሉ በልጦበታል።

በ1687 መጨረሻ የድሮ ወዳጁ የአልበማርል መስፍን አገረ ገዥ ሆኖ መጣ፤ ሞርጋንንም ወደ ምክር ቤቱ መለሰው። ከመስፍኑ ጋር የመጣው ወጣት ሐኪም ሃንስ ስሎን፣ ስብስቡ ኋላ ለብሪቲሽ ሙዚየም መሠረት የሆነለት ሰው፣ ታማሚውን መርምሮ ማስታወሻ ትቷል፦ መንምኖ የገረጣ፣ ዓይኑ ወደ ቢጫ ያደላ፣ ሆዱ የተነፋ፤ ሌሊት አምሽቶ መጠጣቱን እንዲተው ቢመከር አሻፈረኝ ያለ። ሞርጋን በስሎን መድኃኒት ተስፋ ሲቆርጥ አንድ አፍሪካዊ ሐኪም ጠራ፤ እሱም ሰውነቱን በጭቃ ለቀለቀው፤ አልበጀውም። ኦገስት 25 ቀን 1688 ሞተ። መድፍ ተተኩሶ በክብር ተቀበረ።

ንብረቱ ሲቆጠር 131 ባሪያዎች ተመዘገቡ፤ 64 ወንዶች፣ 67 ሴቶች፤ ከእነዚህ ውስጥ 33ቱ ሕፃናትና ልጆች ናቸው። ልጅ አልወለደምና መሬቱ «ሞርጋን» የሚለውን ስም ለመያዝ ለተስማማ የሚስቱ እኅት ልጅ እንዲተላለፍ ተናዞ ነበር።

1692–1720፦ ከእሱ በኋላ

ጁን 7 ቀን 1692 የመሬት መንቀጥቀጥ ፖርት ሮያልን መታ። አሸዋ ላይ የቆመችው ከተማ አብዛኛው ክፍሏ ባሕር ውስጥ ገባ፤ ሁለት ሺሕ ያህል ሰው ወዲያው ሞተ፤ የሞርጋን መቃብርም አብሮ ሄደ። ነጋዴው ከወደቡ ማዶ ኪንግስተንን ቆረቆረ፤ ሸንኮራው ቀጠለ፤ ባሪያ የጫኑ መርከቦችም በየዓመቱ በዙ።

በኖቬምበር 1720 ካሊኮ ጃክ የሚባለው የባሕር ወንበዴ ጆን ራካም ከተረፈችው ፖርት ሮያል ዳርቻ ተሰቀለ፤ አስከሬኑም ለመርከበኛ ሁሉ እንዲታይ በብረት ፍርግርግ ተንጠለጠለ። ክሱ ላይ የተዘረዘረበት የዓሣ አጥማጆች ጀልባና ጥቂት አነስተኛ የንግድ መርከቦች ነበር። ከተማ አልወረረም፤ የገዥ ፊርማ ያለበት ወረቀትም አልነበረውም።